የሁለት ልጅ ጋሪ በደሴ ዳገት፦ ሦስት ሞክሬ አንዱን ለራሴ አስቀረሁ

ትልቁ ልጄ ሁለት ዓመት ከሦስት ወሩ ነው። ትንሿ አምስት ወሯን ይዛለች። ባለቤቴ ሥራው ኮምቦልቻ ስለሆነ በማለዳ ይወጣል፣ የሚመለሰው ማታ ነው። ስለዚህ ከቤት ስወጣ ሁለቱንም ይዤ ለብቻዬ ነው የምወጣው። በኦፕራሲዮን ስለወለድኩ ሐኪሜ ከባድ ነገር እንዳላነሳ አስጠንቅቃኛለች። ልጁ ደግሞ 12 ኪሎ ነው፣ አምስት ደቂቃ በእግሩ ይሄድና «እማ እዘይኝ» ብሎ እጁን ይዘረጋል።

የሕፃን ክትባት አለ፣ 6ኛ፣ 10ኛና 14ኛ ሳምንት ላይ። የ6ኛው ሳምንት ቀን ትንሿን ታቅፌ፣ ትልቁን በእጄ ይዤ ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ልጁ መሬት ላይ ዘፍ አለ። ባባብለው አይነሳም፣ ላነሳው አልችልም። የማላውቃት ሴት ናት ተሸክማ እስከ ጤና ጣቢያው ያደረሰችልኝ። ያቺን ሴት እግዜር ይስጥልኝ። ያን ዕለት ማታ ለባለቤቴ የሁለት ልጅ ጋሪ መግዛት አለብን አልኩት።

እናቴ ስትሰማ «ልጄ፣ አንቀልባ ምን በደለሽ?» አለችኝ። አንቀልባ ምንም አልበደለኝም፣ እኔም በእሱ ነው ያደግኩት። ግን የስድስት ሳምንት ልጅ አንገቷ ገና ስላልጸና ጀርባ ላይ አትታዘልም፣ ትልቁን ማዘል ደግሞ ተከልክያለሁ።

እንግዲህ ሦስት ጋሪ ሞከርኩ። ደሴ ወይም ደሴን የመሰለ ዳገታም ከተማ ለምትኖሩ ሁሉንም እንደሆነው እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያው የጎረቤቴ ነበር። መንታ ልጆች አሏት፣ ጋሪውን እህቷ ከአረብ አገር ነው የላከችላት። ወንበሮቹ ጎን ለጎን ናቸው። ለሳምንት አዋሰችኝ። ልጆቹ እኩል ተቀምጠው እኩል ያያሉ፣ ልጄም የእህቱን እጅ ይዞ ነበር የሚሄደው፣ ያንን ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። ሲታጠፍም ቀላል ነው። ችግሩ ስፋቱ ነው። በሜትር ለካሁት፣ 76 ሳንቲ ሜትር ነው። የግቢያችን ትንሹ በር 70 ነው። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ትልቁን የመኪና በር መክፈት ነበረብኝ፣ ልጆቹን ውጪ ትቼ። ፋርማሲ ገብቶ አይዞርም። ፒያሳ አካባቢ የእግረኛ መንገዱ ላይ ምሰሶ አለ፣ የዘረጋ ነጋዴ አለ፣ የቆመ ባጃጅ አለ፣ እነሱን ለማለፍ አስፋልት መውረድ ግዴታ ነው፣ አስፋልቱ ላይ ደግሞ አይሱዙው ጡሩምባውን እየነፋ ከኋላ ይመጣል። ሌላም ነገር አለ። የኔ ልጆች መንታ አይደሉም፣ አንዱ 12 ኪሎ፣ አንዷ ያኔ ገና 5 ኪሎ። አንዱ ጎን ስለሚከብድ ጋሪው ወደዚያ ይስባል፣ በተለይ መንገዱ ወደ ጎን ካዘነበለ። ማታ ማታ የቀኝ ክንዴን ያመኝ ነበር። ለመንታ ጥሩ ነው። ለኔ አልሆነም።

ሁለተኛው አዲስ ነው፣ ከሱቅ፣ 21,000 ብር የተባለ። ፊትና ኋላ የሚያስቀምጥ ነው፣ ቀይ፣ ከነላስቲኩ የሚያብረቀርቅ። ስፋቱ 58 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ በየትኛውም በር ይገባል። ሻጩን ለአራስ ይሆናል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «አብሽሪ እህቴ፣ ለአራስ የተሠራ ነው» አለኝ። 3,000 ብር ቀብድ ሰጥቼ ልሞክረው ቤት ወሰድኩት።

ቤት ውስጥ ትንሿን የኋላው ወንበር ላይ አስተኛኋት። መደገፊያው እስከ መጨረሻው ሲዘረጋ ግማሽ ድረስ ብቻ ነው የሚወርደው። ቁጭ ብዬ አየኋት። መጀመሪያ ደህና ነበረች። ቀስ እያለች ወደታች ተንሸራተተች፣ ጀርባዋ ጎበጠ፣ አገጯ ደረቷ ላይ ተጣበቀ። ትንፋሿ ኩርፍ ኩርፍ ማለት ጀመረ። ወዲያው አነሳኋት። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፣ የአየር መተላለፊያው ደግሞ ቀጭንና ለስላሳ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ከወደቀ ሊዘጋበት ይችላል። ሕፃኑ ደግሞ ራሱን ቀና አድርጎ ማዳን አይችልም። ለዚህ ነው እስከ ስድስት ወር ድረስ ጋሪው ውስጥ ልጅ በጀርባው ጠፍጣፋ ሆኖ መተኛት ያለበት። ሱቅ ስትገቡ «ለአራስ ይሆናል» የሚለውን ቃል ተዉትና መደገፊያውን ራሳችሁ እስከ መጨረሻው ዘርጉት። አልጋ ካልሆነ ለአራስ አይሆንም።

ቢሆንም ባለቤቴ «ትንሽ ቆይታ ታድግበታለች፣ መጀመሪያ መንገዱን ይቻል እንደሆነ እንየው» አለ። እሁድ ጠዋት ልጆቹን ለእናቴ ትተን ባለ 10 ሊትሩን ጀሪካን ውኃ ሞልተን የፊቱ ወንበር ላይ፣ ባለ 5 ሊትሩን የኋላው ላይ በቀበቶ አሰርን። የአንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ከልጆቹ ክብደት ብዙም አይርቅም። ከዚያ ወደ ሰፈራችን ቁልቁለት ወጣን። መንገዱ ኮብል ነው። የፊት ጎማዎቹ ትንንሽ ጠንካራ ፕላስቲክ ናቸው፣ አንዱ ሁለት ድንጋይ መሀል ገብቶ ቀጥ አለ፣ ጋሪው በፊቱ ተደፋ፣ ጀሪካኑ በቀበቶው ተንጠለጠለ። ያ ጀሪካን ልጄ ቢሆን ብዬ ሰውነቴ ተንቀጠቀጠ።

ፍሬኑን ደግሞ አስፋልቱ አጠገብ ያለች ዳገት ላይ ያዝነውና ለቀቅነው። አንደኛው የኋላ ጎማ ብቻ ነው የተያዘው፣ ሌላው ይዞራል። ጋሪው በያዘው ጎማ ዙሪያ ቀስ ብሎ ዞረና ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አደረገ። ከዚያ መንሸራተት ጀመረ። ባለቤቴ ሮጦ ያዘው።

ሰኞ መለስነው። ሻጩ ተጠቅማችሁበታል ብሎ ከቀብዱ 1,000 ብር ቆረጠብን። በወረቀት የተጻፈ ነገር ስላልነበረን ዝም ብለን ተቀበልን። እናንተ ግን ቀብድ ስትሰጡ «ካልሆነ ይመለሳል» የሚለውን አጽፉ፣ ከነፊርማው።

ሦስተኛውን ያገኘነው ኮምቦልቻ ነው፣ ቤታቸውን ለቀው የሚሄዱ ባልና ሚስት ሲሸጡ፣ ያገለገለ፣ 14,500 ብር። እህቴ እዚያው ስለምትኖር ቀድማ ሄዳ አየችልኝ። ይህም ፊትና ኋላ ነው። ግን የኋላው ወንበር እንደ ሳጥን አልጋ ይዘረጋል። የኋላ ጎማዎቹ ንፋስ የሚሞሉ ናቸው፣ ትልልቅ፣ 12 ኢንች፣ የፊቶቹም ከሁለተኛው ጋሪ እጥፍ ይሆናሉ። የፊቱ ጎማ እንዳይዞር የሚቆለፍበት አለው፣ ኮብል ላይ ያንን ቆልፋችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ነው የምትገፉት። ቀበቶው አምስት ቦታ ይይዛል፣ ሁለት ትከሻ፣ ሁለት ወገብ፣ አንድ በእግር መሀል። ወገብ ብቻ የሚይዝ ቀበቶ እኔ ለሁለት ዓመት ልጅ አልቀበልም፣ ቁልቁለት ላይ ልጁ ወደፊት ያዘነብላል፣ በላይ በኩል ሾልኮ ይወጣል። ከሥር የተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ደግሞ ኢኤን 1888 የሚል የአውሮፓ የጋሪ ደረጃ ቁጥርና ወንበሩ የሚችለው ኪሎ አለ። የኛ የፊቱ ወንበር እስከ 15 ኪሎ ነው የሚለው። እስከ 22 ኪሎ የሚችሉም አሉ፣ ልጃችሁ ደንዳና ከሆነ እሱን ፈልጉ።

ኮምቦልቻ ላይ ስገፋው ቅቤ ነው፣ በአንድ እጅ ይሄዳል። ግን ኮምቦልቻ ሜዳ ናት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከጦሳ ተራራ ሥር ነው ያለችው፣ ኮምቦልቻ ከዚህ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፣ የሐረጎን ጥምዝምዝ የወረደ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። እዚያ ጥሩ የሆነ ጋሪ እዚህ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ሻጮቹን አስፈቅደን ከቤታቸው ጀርባ ያለች አቀበት ላይ ሁለት ጀሪካን ጭነን ፍሬኑን ያዝን። ሁለቱም የኋላ ጎማ በአንድ ፔዳል ተያዘ። አሥር ደቂቃ ቆመን አየነው። ንቅንቅ አላለም። ያን ጊዜ ነው ብሩን የቆጠርነው። በሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ ታስሮ መጣ፣ ለጭነቱ ከረዳቱ ጋር በዋጋ ትንሽ ተከራከርን።

አሁን ሦስት ወር ሆነኝ። በጎውንም ችግሩንም ልንገራችሁ።

ከባድ ነው፣ ባዶውን 15 ኪሎ። ደረጃ ላይ ለብቻ አይሞከርም። ጤና ጣቢያው መግቢያ ላይ ደረጃ አለ፣ ሁልጊዜ ዘበኛው ነው ከፊት የሚያነሳልኝ። ረጅም ስለሆነ ቶሎ አይዞርም፣ ጠርዝ ላይ ለማውጣት እጀታውን በሙሉ ክብደት ወደታች መጫን ያስፈልጋል። ባጃጅ ውስጥ የሚገባው ታጥፎ፣ የኋላው ወንበር ተነቅሎ ነው፣ እሱም ግማሹ ወደ ውጪ ይቀራል፣ ሾፌሩ በገመድ ያስረዋል። ዕቃ መያዣው አልጋው ሲዘረጋ ይሸፈናል፣ ዳይፐርና ጡጦ እንጂ አስቤዛ አይገባበትም።

ዕቃ መስቀያ ሲታጣ ሁላችንም ፌስታሉን እጀታው ላይ እናንጠለጥላለን። እባካችሁ አታድርጉት። እኔ አንድ ቀን ድንችና ሽንኩርት ሰቅዬ ዳገት ስወጣ ልጁን ከፊት አወረድኩት፣ የፊቱ ክብደት ሲነሳ ጋሪው ወደኋላ ተነሳ። እጄ ላይ ስለነበረ ያዝኩት። አቀበት ላይ ክብደቱ ሁሉ ወደኋላ ይሄዳል፣ ፌስታሉ ሲጨመርበት ከፊት የሚይዘው ነገር የለም። አሁን ዕቃውን በጀርባ ቦርሳ ነው የምይዘው፣ ልጁ ሲወርድም መጀመሪያ ጋሪውን ከዳገቱ አግድም አዞረውና ፍሬን ይዤ ነው።

ለቁልቁለት ባለቤቴ ከአሮጌ ሻንጣ ቀበቶ ቆርጦ እጀታው ላይ ሰፋልኝ። እሱን እጅ አንጓዬ ላይ ሳላስር አልወርድም። እጅ ቢያዳልጥ፣ እግር ቢንሸራተት ጋሪው ከኔ አይለይም። በሐምሌ ጭቃ ይህ ቀበቶ ከጋሪው ሁሉ ነገር ይበልጥብኛል።

ስለ ጎማው ብዙ ሰው ንፋስ የሚሞላ አትግዙ፣ ይተነፍሳል ይላል። እውነት ነው፣ ሁለቴ ተንፍሶብኛል። ግን የ12 ኢንች ካላማዳሪያ የልጆች ሳይክል ላይም ስላለ ሰፈር ያለው ጎሚስታ በሃያ ደቂቃ ለጥፎ ሰጠኝ። ኮብል ላይ ደግሞ ልዩነቱን ትንሿ ራሷ ትናገራለች፣ በጎረቤቴ ጋሪ እየተንገጫገጨች ትነቃ ነበር፣ በዚህ እስከ ፒያሳ ተኝታ ትደርሳለች።

ብርድና ፀሐይ ሌላ ጉዳይ ነው። ደሴ ጉም ሲወርድ ልጅቷን ደርቤ አለብሳታለሁ እንጂ ጋሪውን በጋቢ አልሸፍነውም። ኮምቦልቻም እህቴ ዘንድ ስንሄድ ፀሐይ እንዳይነካት ብላ ነጠላዋን ጥላው ላይ ስትጥል አነሳሁባት። የተሸፈነ ጋሪ ውስጥ አየር አይዘዋወርም፣ ስሱ ጨርቅም ቢሆን ውስጡ ቶሎ ይግላል፣ ልጅቷንም አታዩአትም። ጥላውን ወደ ፀሐዩ ማዞር ይሻላል።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ከቤታችሁ እስከ አስፋልት ያለው መንገድ ኮረኮንች ወይም ደረጃ ከሆነ የሁለት ልጅ ጋሪ አትግዙ። ብሩ ይቅርባችሁ። ቀላል የአንድ ልጅ ጋሪ ለትልቁ፣ ትንሹ ደግሞ አንገቱ እስኪጸና በደረት ማቀፊያ፣ ከጸና በኋላ በአንቀልባ። ትልቁ ሦስት ዓመት ከተጠጋ ከኋላ ቆሞ የሚሄድባት ባለ ጎማ መቆሚያም አለች፣ ከጋሪው ጋር ትያያዛለች፣ ግን ለኛ ዳገት አልመክራትም፣ ልጁ ቁልቁለት ላይ ዘሎ ይወርዳል። ሰኞ ገበያ ደግሞ የትኛውም ጋሪ አያስገባም፣ እኔ ሰኞ ሰኞ ልጆቹን ለእናቴ ትቼ ነው የምሄደው።

የ10ኛውንም የ14ኛውንም ሳምንት ክትባት በዚህ ጋሪ ሄደን መጣን። የ14ኛው ሳምንት ቀን ጤና ጣቢያው በር ላይ ያቺን የመጀመሪያ ቀን ልጄን የተሸከመችልኝን ሴት አገኘኋት። ልጁ ፊት ተቀምጦ ዳቦ ይበላል፣ ትንሿ ከኋላ ተኝታለች። «ውይ፣ ዛሬስ ተደላድለዋል» አለችና ጎንበስ ብላ ሁለቱንም ሳመችልኝ።