የድሮ ሴል ወይስ የዲዝኒላንድ ወረቀት?

የዲዝኒን ታሪክ መሰብሰብ የሚጀምር ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ሴል ነው፤ የካርቱኑ ገጸ ባሕሪ በእጅ የተቀባበት ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ። ሌላው የዲዝኒ መዝናኛ ፓርክ የሆነው የዲዝኒላንድ ወረቀት ነው፤ ትኬት፣ ካርታ፣ ብሮሹር።

ዋጋ፦ ሴል ውድ ነው፣ የ1930ዎቹማ (እ.ኤ.አ.) አይቀመስም። ብዙዎቹ ታጥበው እንደገና ስለተሠራባቸው የተረፉት ጥቂት ናቸው። ወረቀት ብዙውን ጊዜ ኪስ አይጎዳም።

አያያዝ፦ እዚህ ላይ ሴል ያሳስበኛል። የጥንቱ ሴሉሎስ ናይትሬት ከተባለ ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ይጨማደዳል፣ ቢጫ ይሆናል፣ እሳትም ቶሎ ይይዘዋል። በኋላ የመጣው አሲቴት ሲበላሽ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ወረቀትን ከፀሐይና ከእርጥበት መጠበቅ ነው።

ታሪክ፦ ሴሉን ገልበጥ አድርጉት። መስመሩ ከፊት፣ ቀለሙ ከጀርባ ነው፤ የቀቢዋ የብሩሽ ዱካ ሳይቀር ይታያል። እንዴት ደስ ይላል! ለየመጫወቻው ትኬት የሚቆረጥበት ደብተር ደግሞ የጎብኚውን ውሎ ያሳያል። ፓርኩ በ1955 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ለምርጥ መጫወቻዎቹ የሚቆረጠው የ«ኢ» ትኬት በ1959 መጣ፣ ደብተሩ በ1982 ቀረ። ያልተቆረጠው ቅጠል የትኛው መጫወቻ እንደተዘለለ ይናገራል።

የሥዕሉ አሠራር ለሚያጓጓው፣ ገንዘብም ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታም ላለው ሴል ይሻላል። በትንሹ ለሚጀምርና የፓርኩን ለውጥ በየዓመቱ መከተል ለሚፈልግ ወረቀቱ። ሴል ከሆነ ምርጫችሁ፣ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ሰነድ ሳታዩ አትክፈሉ።