የካሜራ መስታወት ጥገና በደብረ ማርቆስ፦ መስታወቱ ሲሰነጠቅ ካሜራው አይቀየርም

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የስልካችሁ የካሜራ መስታወት ተሰንጥቆ «ካሜራው መቀየር አለበት» ከተባላችሁ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መናኸሪያው አካባቢ ካሉት የስልክ ጥገና ሱቆች መካከል በሩ ላይ ማጉያ መነጽር የተተከለበት ጠረጴዛ ያለውን ጠባብ ሱቅ ጠይቁ። እኔ በስራው ረክቻለሁ። ቅሬታዬንም አልደብቅም።

የግብርና ባለሙያ ነኝ። ከገበሬው ማሳ የታመመ የስንዴ ቅጠል ፎቶ አንስቼ ወረዳ ላሉት የሰብል ጥበቃ ባለሙያዎች እልካለሁ። ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ የቅጠሉን ጅማት ተከትሎ በመስመር ይደረደራል፤ የቅጠል ዋግ ደግሞ ቡናማ ነጠብጣብ ሆኖ ይበታተናል። ይህ ልዩነት በፎቶው ላይ ካልታየ ፎቶው ለማንም አይጠቅምም። ስልኬ ከሞተር ብስክሌት ላይ ወድቆ የዋናው ካሜራ መስታወት ከተሰነጠቀ ወዲህ፣ ትንሽ ብርሃን ባረፈበት ቁጥር ምስሉን ነጭ ጭጋግ ይሸፍነው ጀመር። መስመሩም ነጠብጣቡም አይለይም። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ዋግ በሚጠበቅበት ሰዓት፣ ይህ ቀላል ችግር አይደለም።

ስልኩ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ34 ነው። ከጀርባው ያሉት ሶስት ካሜራዎች የየራሳቸው ክብ መስታወት አላቸው። የተጎዳው 48 ሜጋፒክስል የሆነው ዋናው ነው። ለቅርብ ፎቶ የተሰራው ባለ 5 ሜጋፒክስሉ ደህና ነበር፤ ነገር ግን ዝርዝር ነገር አጥርቶ አያወጣም።

በመጀመሪያ የጠየቅሁት ሌላ ሱቅ መስታወቱን በቅጡ እንኳ ሳያይ ካሜራው በሙሉ ይቀየር አለኝ። የጠራው ዋጋ ከወር ደመወዜ የማይናቅ ድርሻ የሚወስድ ነበር። ይህን መሰሉ አሰራር ያናድደኛል፤ ስለ ስልክ የማያውቅ ገበሬ ቢሆን ከፍሎ ይሄድ ነበር።

የጠባቡ ሱቅ ወጣት ጠጋኝ ግን ስልኩን ተቀብሎ ከማጉያው ስር አደረገና ብርሃን በጎን አበራበት። ቀጥሎ ሩቅ ያለ ማስታወቂያና ቅርብ ያለ ወረቀት እያፈራረቀ ፎቶ አነሳ። «ጋሼ፣ ካሜራው ምንም አልሆነም። የተሰበረው ከላይ ያለው መስታወት ብቻ ነው፤ ለምን ካሜራ ይገዛሉ?» አለኝ። በማጉያው ራሴም አየሁት፤ ከስንጥቁ ስር ያለው ሌንስ ንጹሕ ነው።

አሰራሩን ቆሜ ተመለከትሁ። ስልኩን አጠፋ፤ የተሰነጠቀው መስታወት ላይ ፕላስተር ለጠፈበት፤ ስብርባሪው ወደ ውስጥ እንዳይወርድ ነው። ሙቅ አየሩን ከራቅ ብሎ ጥቂት በጥቂት ነፋበት። ሙጫው እስኪላላ ብቻ ነው የሚሞቀው፤ ከዚያ ካለፈ ባትሪውንም፣ ምስል ለማጥራት የሚንቀሳቀሰውን የካሜራውን ክፍልም ይጎዳል። ስብርባሪውን በወረንጦ ሲለቅም ሁልጊዜ ከጠርዙ ነው የሚጀምረው፤ መሐሉን አይነካም፤ እዚያ ጋ ሌንሱ ቅርብ ነው። የቀረውን ሙጫ አልኮል በነካ፣ በደንብ በተጨመቀ ጥጥ ጠረገ። አቧራውን በአፉ እፍ አላለም፤ የትንፋሽ እርጥበት ሌንሱ ላይ ይቀራልና በእጅ በሚጨመቅ የአየር መንፊያ አስወገደው።

አዲሱን መስታወት ሊለጥፍ ሲል መብራቱን በጎን ይዞ አንዲት ቀጭን ብናኝ አገኘ። እኔ ከነጭራሹ አላየኋትም። ሙጫውን የሸፈነውን ወረቀት ሳይልጥ እንደገና አጸዳ። ጥገና የሚከፈልበት ለዚህ ነው፤ መስታወቱማ ርካሽ ዕቃ ነው።

ሁለት ዓይነት መለዋወጫ ነበረው። አንዱ ፕላስቲክ ስለሆነ ኪስ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ሲፋተግ እንደሚጫር ራሱ ነግሮ እውነተኛውን መስታወት መረጠልኝ። የእጅ ዋጋን ጨምሮ 450 ብር ከፈልሁ። በማግስቱ ማሳ ላይ ያነሳሁት ፎቶ ቢጫውን መስመር ቁልጭ አድርጎ አወጣው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ሌሊት የመንገድ መብራት ፊት ለፊት ሲነሳ፣ በፊት ያልነበረ የብርሃን ጭረት ፎቶው ላይ ይታያል፤ አዲሱ መስታወት ጥራቱ እንደ ፋብሪካው አይደለም። ኤ34 ከፋብሪካው ሲወጣ አይፒ67 የሚባል ደረጃ አለው፤ እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ንጹሕ ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቋቋማል ማለት ነው። ከጥገናው በኋላ በዚህ መተማመን እንደማይቻል ጠጋኙ ሳልጠይቀው ነግሮኛል፤ ስለዚህ ዝናብ ሲመጣ ስልኬን በላስቲክ እጠቀልላለሁ። ደረሰኝ አይሰጥም፤ ዋስትናውም የአፍ ብቻ ነው። ከሁሉም ያልወደድሁት ጠረጴዛው በሩ ላይ መሆኑን ነው፤ መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ይገባል። ይህን ያህል ለብናኝ የሚጠነቀቅ ሰው ጠረጴዛውን ወደ ውስጥ ቢያስገባው ስራው ይቀልለታል፤ ይህንንም ነግሬዋለሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት የስልካችሁን ትክክለኛ ሞዴል ከማስተካከያው ውስጥ አይታችሁ ያዙ፤ በመልክ የሚመሳሰሉ ስልኮች እንኳ የመስታወታቸው ልክ ይለያያል። ብዙ ሰው የሚይዛቸው ሞዴሎች እጁ ላይ አሉ። የሌሎቹ ግን 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ካለው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እስኪመጣ መጠበቅ ያስፈልጋል። እስከዚያው ስንጥቁን በጨርቅ አትጥረጉት፤ ደቃቁ ስብርባሪ ሌንሱን ይጭረዋል። አቧራና እርጥበት እንዳይገባ ንጹሕ ፕላስተር ለጥፉበትና ሲከፈት ጠጋኙ ያንሳው።