የድምፅ ማጉያዬን ፋን ላስተካከሉልኝ አባት ምስጋና፣ ለሙያ ባልደረቦቼም ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በመጀመሪያ ለማመስገን፣ ቀጥሎም በመድረክ ዕቃ ጥገና ምክንያት እንደ እኔ መከራቸውን ለሚያዩ ሙዚቀኞች አንድ የታመነ ሰው ለመጠቆም ነው። የማመሰግናቸው ሰው በዕድሜ የገፉ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ ናቸው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፈው አጥብቀው ስለለመኑኝ፣ የሠፈራቸው ልጆች እንደሚጠሯቸው «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ። አድራሻቸውን ግን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ እንድሰጥ ፈቅደውልኛል፤ ሳልሰለች እሰጣለሁ።

እኔ በባህል ምሽት ቤቶችና በሠርግ ላይ ባስ ክራር እጫወታለሁ። ለማያውቀው አንባቢ ለመግለጽ ያህል፣ ባስ ክራር ከተለመደው ክራር ገዘፍ ያለ፣ ክሮቹም ወፍራም የሆኑ፣ በቡድኑ ውስጥ የባስ ጊታርን ቦታ የሚይዝ መሣሪያ ነው። ድምፁ ወደ ታች የወረደ ስለሆነ ያለ ማጉያ ከበሮው ውስጥ ሰምጦ ይቀራል፤ ስለዚህ ማጉያው ለእኔ ከክራሩ ያላነሰ የእንጀራዬ ዕቃ ነው። ያገለገለ ገዝቼው ነው እንጂ 500 ዋት የሚያወጣ፣ ድምፁም የሚወደድ ጥሩ ማጉያ ነው። ከኋላው ሙቀቱን የምታስወጣ አንዲት ትንሽ ፋን አለችው፤ ያ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከእሷ ነው።

ፋኗ መጀመሪያ ላይ ማጉያው ሲበራ ብቻ ጥቂት ተንጫጭታ ዝም ትል ነበር። እየቆየች ግን ማጉያው እስኪጠፋ ድረስ ማጉረምረሟን አላቆም አለች። ጭፈራው ሲደምቅና እስክስታው ሲጦፍ ማንም አይሰማትም። ትዝታ ስንጀምር ግን ሌላ ነው። ትዝታ ሲጀመር ክራሩ ብቻውን ቀስ ብሎ ይገባል፣ ማሲንቆው ይከተለዋል፣ በመካከሉ ያለው ዝምታም ራሱ የዜማው አካል ነው፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ የእኔ ማጉያ ፋን ብቻዋን ትሰማለች። አንድ ምሽት ከፊት ጠረጴዛ የተቀመጡ እንግዳ አስተናጋጇን ጠርተው «መብራት ጠፍቶ ነው እንዴ ጄኔሬተር ያስነሳችሁት?» ሲሏት በጆሮዬ ሰማሁ። ባልደረቦቼ እስከ ዛሬ ይስቁበታል። እኔ ያን ምሽት አልሳቅሁም።

ከዚያ በኋላ የደረሰብኝን ስጽፍ የማንንም ቤት ስም አልጠራም፤ እዚህ ላይ የማንንም ገበያ ለመዝጋት አልተነሳሁም። ሆኖም ሌላው ሰው እንዲጠነቀቅ የሆነው ነገር መነገር አለበት።

መጀመሪያ የወሰድኩት በመስታወት ያጌጠ፣ ሠራተኞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቱታ ወደ ለበሱበት ቤት ነበር። ቀብድ ተቀበሉኝ፣ ደረሰኝ ጻፉልኝ፣ ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና እያሉ አመላለሱኝ፣ በመጨረሻም «ፋኗ በኦሪጅናል ተቀይራለች» ብለው ቀሪውን ሂሳብ ተቀበሉኝ። በእርግጥም ማጉያው ጸጥ ብሎ ነበር። ደስ ብሎኝ በቀጥታ ወደ ሠርግ ይዤው ሄድኩ፤ ሙሽሮቹ ገብተው ጨዋታው ሲሟሟቅ ማጉያው ድንገት ራሱን አጠፋ። ሲቀዘቅዝ ይነሳል፣ ሲሞቅ መልሶ ይጠፋል። የሙሽራው አጎት መጥተው «ልጄ፣ የተከፈለህ ለግማሽ ዘፈን ነው?» ያሉኝ ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ኋላ እንደተረዳሁት እነዚያ ሰዎች ምንም ፋን አልቀየሩም፤ የድሮዋን ፋን ሽቦ ቆርጠው በቦታዋ ትተዋት ነበር። ጸጥታ ፈልጌ ሄድኩ፣ ጸጥታ ሸጡልኝ።

ሁለተኛው ጠጋኝ አንድ የኮምፒዩተር ፋን አንስቶ ዓይኔ እያየ ገጠመልኝ። ከቀድሞዋ እጅግ የባሰች ጩኸታም ሆነች። ቅር መሰኘቴን ስነግረው «ኃይለኛ ፋን ናት፤ ኃይለኛ ነገር ደግሞ ይጮኻል» ብሎ መለሰልኝ፤ ገንዘቤን ግን አልመለሰልኝም። ሦስተኛው ከሁሉም የተለየ ነበር፤ ክዳኑን እንኳን ሳይከፍት «ቦርዱ ሄዷል፣ ለመለዋወጫ ከሸጥክልኝ እወስደዋለሁ» አለኝ። የጠራልኝ ዋጋ የማጉያውን መሸፈኛ ጨርቅ እንኳን የሚገዛ አልነበረም። ተስፋ በቆረጠ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ዋጋ መጥራት ለእኔ ከስርቆት ብዙም የሚለይ አይደለም።

ስለ ጋሼ የነገረኝ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ወዳጄ ነው። ጋሼ ለረጅም ዘመን ፒያሳ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ እሳቸውም ከብዙዎች ጋር ተነስተው አሁን በመኖሪያ ቤታቸው የፊት ክፍል ውስጥ ይሠራሉ። በራቸው ላይ ምንም የተጻፈ ነገር የለም። እውነቱን ለመናገር፣ ያንን ክፍል ሳይ ካየኋቸው ያማሩ ቤቶች ጋር አነጻጽሬ ጥቂት ተጠራጥሬ ነበር።

ጋሼ ማጉያውን ተቀብለው ካቻቪቴ አላነሱም። መጀመሪያ ያሉኝ «ክራርህን ይዘህ መጥተሃል?» ነው። እንደ አጋጣሚ ይዤ ነበር። «እንግዲያው ሰክተህ ተጫወት፤ የሚረብሽህ ቦታ ላይ ስትደርስ አቁም» አሉኝና ወንበራቸውን ወደ ማጉያው ጀርባ አዙረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ። በዚያች ክፍል ውስጥ ትዝታን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫወትኩ፤ ስጨርስ «አሁን ደግሞ ባቲን ጀምር፤ እስኪሞቅ ነው የምጠብቀው» አሉኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ማጉያዬን ከመጠገኑ በፊት ያዳመጠው አንድም ሰው አልነበረም። ይህንን ደግሜ እላለሁ፤ ገንዘቤን የተቀበሉት ሁሉ ዕቃውን አይተውት ይሆናል እንጂ አላዳመጡትም።

ከዚያ በኋላ ከሶኬት ነቅለው፣ ለጥቂት ጊዜ አቆይተው ክዳኑን ከፈቱ። እኔ ጠጋ ልል ስል እጄን መለስ አደረጉት፤ እንዲህ ያለ ማጉያ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ሰውን ሊጎዳ የሚችል ኤሌክትሪክ በውስጡ እንደሚቆይ የነገሩኝም ያኔ ነው። (ስለዚህ እናንተም በድፍረት እቤታችሁ አትክፈቱት፤ እባካችሁ።) ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አሸተቱና ቀና ብለው ተመለከቱኝ።

«የምትጫወቱበት ቤት ቡና ይፈላል?»

«አዎ ጋሼ፤ ሁልጊዜ ይፈላል።»

«መድረኩ ጥግ?»

«ከጎኔ ነው ረከቦቱ የሚቀመጠው።»

«እጣን ነዋ ያፈናት» አሉና ሳቁ።

እውነትም ፋኗ ዓመቱን ሙሉ ከአጠገቧ የሚጨሰውን እጣንና የመድረኩን አቧራ አንድ ላይ ስትስብ ኖራ፣ የእጣኑ ጭስ አቧራውን እንደ ሙጫ አጣብቆት፣ ሙቀት የሚያስወጡት የብረት ክንፎች በሙሉ በጥቁር ነገር ተሸፍነው ነበር። ያ ሁሉ ባለመስታወት ቤት ያላየውን እሳቸው በአፍንጫቸው አገኙት። የድሮዋ ፋን የጮኸችው ውስጧ ያለው ቅባት ደርቆ እንደሆነ፣ ሁለተኛው ሰው የገጠማት የኮምፒዩተር ፋን ደግሞ ለ12 ቮልት የተሠራች ስትሆን ማጉያው 24 ቮልት እየላከላት ከአቅሟ በላይ ስትሽከረከር እንደነበረ አስረዱኝ። በዚያ ላይ ተገልብጣ ስለተገጠመች ሙቀቱን በማስወጣት ፈንታ ወደ ውስጥ ትመልሰው ነበር። ከዚህ ያለፈ ብዙ ነገር ነግረውኛል፤ ልድገመው ብል ግን አበላሸዋለሁና ለባለቤቱ እተወዋለሁ።

በጣም የነካኝ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፋኗን ራሳቸው ገዝተው ዋጋ ጨምረው ሊያስከፍሉኝ ይችሉ ነበር፤ እኔም ምንም አላውቅምና እከፍል ነበር። እሳቸው ግን በቁራጭ ወረቀት ላይ መጠኗን፣ ቮልቷንና «ባለ ኩሽኔታ» የሚለውን ጻፉልኝና «እኔ ካመጣሁልህ ዋጋዋን ማመን አለብህ፤ አንተ ስትገዛት ግን ዋጋዋን ታውቃለህ» ብለው፣ አብራቸው የምትሠራውን ወጣት ልጅ እንዳልታለል ከእኔ ጋር መርካቶ ላኳት። ይህች ልጅ ደግሞ ሌላ ጉድ ናት። ነጋዴው የሚያቀርብላትን ፋን ሁሉ ወደ ጆሮዋ አስጠግታ በጣቷ እያሽከረከረች «ይህቺ አይደለችም፣ ይህቺም አይደለችም» እያለች ከሱቅ ሱቅ አዞረችኝ፤ በመጨረሻ ያገኘናት ፋን ስትዞር ምንም የማትሰማ ነበረች። ጋሼ ሙያቸውን ለእንዲህ ዓይነት ልጅ እያስተላለፉ መሆናቸው ብቻውን የሚያስመሰግናቸው ነው።

ውስጡን በብሩሽ አጽድተው፣ የተቆረጠውን ሽቦ በካውያ መልሰው፣ አዲሷን ፋን ከገጠሙ በኋላ፣ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ ከማጉያው ጀርባ አስጠግተው ወደ ውጭ ስትርገበገብ አሳዩኝ። «አየህ፣ አሁን ወደ ውጭ ነው የምትተነፍሰው» አሉኝ። የቀድሞውን ጠጋኝ እንዲያወግዙልኝ ፈልጌ «ምን ዓይነት ሰው ነው ሽቦ ቆርጦ ገንዘብ የሚቀበል?» ብል «ልጄ፣ አሁን ተሠርቷል» ከማለት በቀር አንድም ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ሂሳብ ስጠይቃቸውም አልተቀበሉኝም። «ሥራ ላይ አውለውና ሌሊቱን ሙሉ ተጫወትበት። ካልጠፋና ካልጮኸ ያን ጊዜ መጥተህ ትከፍለኛለህ፤ ከጠፋ ግን እኔው ጋ ነው የሚመለሰው» አሉኝ። አድራሻዬን አልጠየቁኝም፣ መታወቂያም አልያዙብኝም።

ያን ቅዳሜ ቤቱ ሞልቶ ስለነበር እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ ድረስ ተጫወትን። ማጉያው አልጠፋም፤ ትዝታውም ላይ ከክራርና ከማሲንቆ በቀር የተሰማ ነገር አልነበረም። ማሲንቆ ተጫዋቹ ወዳጄ በመካከሉ ዞር ብሎ ማጉያው መብራቱን ሲያይ ነበር፤ የጠፋ መስሎት። ሰኞ ማለዳ ሂሳቤን ይዤ ሄድኩ፤ የጠየቁኝ የእጅ ዋጋ መጀመሪያ ቤት ከሰጠሁት ቀብድ ያነሰ ነበር። ጨምሬ ልሰጣቸው ብሞክር «ትርፉን ለሌላ ቀን አስቀምጠው» ብለው መለሱልኝ። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ እጅዎ ይባረክ።

ስለዚህ የባስ ጊታር፣ የኪቦርድ፣ የባስ ክራር ማጉያ ያላችሁ፣ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ የምታገለግሉ፣ የሠርግ ባንድ ያላችሁ ሁሉ፣ ማጉያችሁ መጮህ ወይም ከመጠን በላይ መሞቅ ከጀመረ፣ እባካችሁ ገንዘባችሁን ከመበተናችሁ በፊት ወደ ጋሼ ውሰዱት። ማጉያችሁን «ሞቷል» ያላችሁ ሰው ካለ ደግሞ በተለይ ውሰዱት፤ የእኔም ሞቷል ተብሎ ነበር። እሳቸው የመከሩኝን ለእናንተም ላካፍል፦ ማጉያውን ከግድግዳና ከመጋረጃ ቢያንስ አንድ ስንዝር አርቁት፣ ጀርባውን በነጠላ ወይም በጃኬት አትሸፍኑት፣ ረከቦቱንም ከመድረኩ ማዶ አድርጉላቸው። የምሽት ቤታችን ባለቤት ይህን ሲሰሙ ቡና የምታፈላውን እህት ወደ በሩ አካባቢ አዛወሯት፤ እሷም ቦታው ነፋሻ ስለሆነ ወዳዋለች።

ወደ ጋሼ ስትሄዱ የማጉያውን የኤሌክትሪክ ገመድና የምትጫወቱበትን መሣሪያ ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሳይሰሙ አይከፍቱትምና። እሑድና በበዓል ቀን አይሠሩም። በተቻላችሁ መጠን ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ታክሲዎቹ በራቸው ላይ ስለሚጮኹ ለማዳመጥ ይቸገራሉ፣ «ነገ ጠዋት አምጣው» ሊሏችሁም ይችላሉ። ካሏችሁ አትከፉ፤ ትታችሁላቸው ሂዱና ጠዋት ተመለሱ።