ለእንግሊዝኛ መምህራችን ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። በሆቴል፣ በጉዞ ወኪል ወይም በኮል ሴንተር የምትሠሩና "እንግሊዝኛ ይገባኛል፣ አፌ ላይ ግን አይመጣልኝም" የምትሉ ካላችሁ፣ አንድ መምህር ልጠቁማችሁ። ስሙ በአደባባይ እንዲጻፍ ስለማይፈልግ እንጂ ከነስልኩ ባስቀምጠው ደስ ይለኝ ነበር።

እኔ ቦሌ አካባቢ ባለ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ነው የምሠራው። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ መጠየቅ ነው፤ መቼ ይወጣሉ፣ በምን ይከፍላሉ፣ ስንት ሌሊት ያድራሉ። በአማርኛ "እርስዎ" ካልኩ አክብሮቱ አብሮ ይመጣል። እንግሊዝኛ ግን ለሕፃኑም ለሽማግሌውም ያለው ያው አንድ "ዩ" ነው። መምህራችን ትምህርቱን የጀመረው እዚህ ላይ ነበር። አክብሮቱ "ዩ" ላይ ከሌለ በጥያቄው አሠራር ውስጥ ፈልጉት አለን። "ዌን አር ዩ ሊቪንግ?" በሰዋስው ምንም እንከን አይወጣለትም፤ ደክሞት ለገባ እንግዳ ግን "መቼ ነው የምትሄደው?" ያልነው ያህል ይከብደዋል። "ኩድ ዩ ቴል ሚ ዌን ዩ አር ሊቪንግ?" ሲባል ነገሩ ይለዝባል።

ብዙ ሰው "ኩድ ዩ ቴል ሚ"ን ያውቃታል። የሚቸገረው ከእሷ በኋላ ባለው ነው። መጠየቁን "ኩድ ዩ" ስለወሰደችው የቀረው ክፍል እንደ ተራ ዓረፍተ ነገር ይደረደራል፤ "አር ዩ" የነበረው "ዩ አር" ይሆናል። ይህን ለማስረዳት መምህሩ ሰሌዳው ላይ የጻፈው አማርኛ ነበር። "መኪናው ስንት ሰዓት ይነሳል?" ከሥሩ ደግሞ "መኪናው ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ያውቃሉ?" ከዚያ "ይነሳል" እና "እንደሚነሳ" የሚሉትን አሰመረባቸውና ዝም ብሎ ጠበቀን። የራሳችንም ግስ ጥያቄው ሌላ ጥያቄ ውስጥ ሲገባ መልኩን ይቀይራል ለካ! እንግሊዝኛው ደግሞ "ዋት ታይም ደዝ ዘ ሸትል ሊቭ?" የነበረው "ዱ ዩ ኖው ዋት ታይም ዘ ሸትል ሊቭስ?" ይሆናል። "ደዝ" ስትወጣ "ስ"ዋን ለግሱ ትታለት ትሄዳለች። መልሱ አዎ ወይም አይደለም ለሆነ ጥያቄ "ኢፍ" ወይም "ዌዘር" መሀል ይገባል፤ "ኩድ ዩ ቴል ሚ ኢፍ ብሬክፋስት ኢዝ ኢንክሉድድ?" እንደሚሉት።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ግን ስለ ልምምዱ ነው። መምህሩ ሻንጣውን እየጎተተ ይገባና እንደ እንግዳ ፊታችን ይቆማል። አንዱን ቀን የተናደደ፣ ሌላውን ቀን ድምፁ የማይሰማ እንግዳ ይሆናል። "ዉድ ዩ ማይንድ ቴሊንግ ሚ ዌር ዘ ጂም ኢዝ?" (ጂሙ የት እንደሆነ ቢነግሩኝ ቅር ይልዎታል?) ብሎ ሲጠይቅ፣ "የስ" ብሎ የሚመልስለት ተማሪ አይጠፋም። ያ ቃል በቃል ሲታይ "አዎ፣ ቅር ይለኛል" ማለት ስለሆነ፣ "ኖት አት ኦል" (በፍጹም ቅር አይለኝም) የሚለው እስኪዋሃደን ድረስ ደጋግሞ ያስመልሰናል። ሳቅ አያውቅም ማለቴ አይደለም፤ ማንንም ግን አሳፍሮ አያውቅም። ከመጨረሻ ወንበር የሚቀመጡትን ቀስ ብሎ ወደ ፊት የሚያመጣበት ትዕግሥት አለው።

ደግሞም ትሕትናውን በየቦታው አብዙት አይልም። አደጋ ሲኖር፣ ሰው ሲታመም፣ ጥያቄው አጭርና ቀጥታ መሆን አለበት ይላል። ጓደኛን "አይ ወዝ ወንደሪንግ ኢፍ" (ይቻል እንደሆነ እያሰብኩ ነበር) እያሉ ቡና መጋበዝም ሰውየውን ማራቅ ነው። ይህን የሚነግር አስተማሪ ብዙም አላጋጠመኝም።

መምህራችን፣ ይህን ካነበብክ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥህ።

መማር ለምትፈልጉ፦ ትምህርቱ ማታ ማታ ነው፣ ፈረቃ ላላችሁም ሰዓት ያመቻቻል፣ ክፍያውም ኪስ አይጎዳም። አርፍዶ መምጣትን ግን ፈጽሞ አይወድም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄው ስልኩን እልክላችኋለሁ።