ኩሽን ያለው ወይስ የሌለው? ቋሚው ወይስ በቪቴ የሚስተካከለው?

ሃይድሮሊክ ሲሊንደር ሊገዛ የተነሳ ወዳጅ ሁሉ ሁለት ነገር ይጠይቀኛል። ኩሽን፣ ማለትም ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የሲሊንደሩን ክዳን እንዳይመታ የሚያዘገየው ክፍል፣ ያስፈልገኛል ወይ? ካስፈለገኝስ የቱ ይሻላል? ሦስተኛው ጥያቄ ሳይጠየቅ የሚታወቅ ነው፤ ዋጋው። እንግዲህ መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ጭነታችሁ የማይለዋወጥ ከሆነ ቋሚውን ኩሽን ግዙ። በቪቴ ለሚስተካከለው የምትከፍሉት ተጨማሪ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ችግር መግዣ ነው።

ኩሽን የሌለው በእርግጥ ይረክሳል። ፒስተኑ ቀስ ብሎ የሚሄድ ከሆነ፣ በተለምዶ በሰከንድ ከ0.1 ሜትር በታች፣ ጭነቱም ቀላል ከሆነ፣ እሱን ውሰዱና ገንዘባችሁን አትርፉ። ማሽኑ ራሱ ፒስተኑን ጫፍ ሳይደርስ የሚያስቆመው ከሆነም ኩሽን መግዛት ብክነት ነው። ኩሽን የሚሠራው በስትሮኩ፣ በፒስተኑ ጉዞ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ነዋ።

ፍጥነት ሲጨምር ግን ሂሳቡ ይገለበጣል። 500 ኪሎ ጭነት በሰከንድ 0.2 ሜትር ሲሄድ 10 ጁል ጉልበት ይዟል። ፍጥነቱን ወደ 0.4 ስታሳድጉት 20 ሳይሆን 40 ይሆናል። ያንን 40 ጁል በ1 ሚሊሜትር ውስጥ ካስቆማችሁት በአማካይ 4 ቶን ገደማ የሚሆን ኃይል ክዳኑን ይመታዋል። በ25 ሚሊሜትር ሲቆም ወደ 160 ኪሎ ይወርዳል። የፓምፑ ግፊት ደግሞ በዚህ ላይ የሚደመር ነው። በየዙሩ ጓ ሲል የሚውል ሲሊንደር መጀመሪያ የፒስተኑን ዳዶ ያላላል፣ ቀጥሎ ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘውን ጎሚኒ ይበላል፣ ሲብስበት ክዳኑን ይሰነጥቃል። ረከሰ ብላችሁ ያተረፋችሁት ቶርኖ ቤት ይቀራል።

አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ ሲል ከፊቱ ያለው ዘንግ ክዳኑ ውስጥ ወዳለው ቀዳዳ ይገባና ዋናውን የዘይት መውጫ ይዘጋል። የታፈነው ዘይት በጠባብ መንገድ ብቻ እየወጣ ፒስተኑን ያዘገየዋል። ልዩነቱ ያለው ጠባቡ መንገድ ላይ ነው። በሚስተካከለው ላይ በቪቴ ይጠብባል፣ ይሰፋል። በቋሚው ላይ ግን ልኩ ዘንጉ ራሱ ላይ በደረጃ ወይም በሾጣጣ ቅርጽ ተቆርጦ ያለቀ ነው።

የሚስተካከለው ወረቀት ላይ ያምራል። ችግሩ ቪቴው ውጭ መሆኑ ነው፤ ካቻቢቴ የያዘ ሁሉ ይነካካዋል። "ድምፅ አለው" ይሉና ያጠብቁታል። ሲበዛ ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ ሁለት ጣት ሲቀረው ግድግዳ እንዳገኘ ቀጥ ይላል፣ ትንሽ ነጠር ይላል፣ ከዚያ እየተንፏቀቀ ይጨርሳል። ሠራተኛው ኃይል አነሰው ብሎ የፓምፑን ግፊት ይጨምራል። የታፈነው ዘይት ግፊት፣ በተለይ በሮዱ (ከፒስተኑ ጋር ተያይዞ ወደ ውጭ በሚወጣው ብረት) በኩል፣ ያለዚያም ቢሆን ከፓምፑ ግፊት ሊበልጥ ይችላል። ጎሚኒው ሲያልቅ ታዲያ የሚወቀሰው ጎሚኒ ሻጩ ነው።

ኮፒው ደግሞ የባሰ ነው። አንድ ወዳጄ በጥሩ ቅናሽ ያገኘውን "ኩሽን ያለው" ሲሊንደር አብረን ፈታነው። ቪቴው ጫፉ ሹል መሆን ሲገባው ተራ ቡሎን ነበር። ቀጭን ሽቦ በቀዳዳው ከተትን፤ ጥቂት ገብቶ ቆመ። ቀዳዳው ወደ ውስጥ አልተበሳም። ለጌጥ የተቀመጠ ቪቴ ማለት ነው! የኩሽን ዋጋ ግን ሙሉ በሙሉ ተከፍሎበታል።

ዘይቱ ግፊት ላይ እያለ ግን ይህን ቪቴ በፍጹም አትፍቱ። ጥሩ ሥራ የሆነው ከልኩ በላይ እንዳይወጣ መያዣ አለው፤ ኮፒው ላይ ላይኖር ይችላል። በግፊት ቆዳ ስር የገባ ዘይት ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም የአስቸኳይ ቀዶ ጥገና ጉዳይ ነው።

ቋሚው የሚነካካ ነገር የለውም፣ በቪቴ ዙሪያ የሚያንጠባጥብ ጎሚኒም የለውም። ኤክስካቫተሮች ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ይህንኑ ነው። ጉድለቱን አልደብቅም፦ ለአንድ ጭነትና ፍጥነት የተሠራ ስለሆነ ዛሬ 100 ኪሎ፣ ነገ 800 ኪሎ ለሚያነሳ ማሽን አይመችም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ብቻ የሚስተካከለውን ግዙ፤ ቁልፉንም አንድ ሰው ይያዘው። ጠዋት ዘይቱ ሲቀዘቅዝና ሲወፍር ደግሞ ሁለቱም ከልክ በላይ ሊያዘገዩ ይችላሉ።

በኩሽን ፈንታ ውጭ የሚገጠም ጎማ ርካሽ ነው፤ ለቀላል ጭነት ያገለግላል፣ ግን ነጥሮ ይመልሳል። ሾክ አብዞርበር ጥሩ ነው፤ ቦታም ገንዘብም ይፈልጋል።

ወደ ዋጋው ስንመለስ፣ ሻጩን ከቅናሽ በፊት መጠየቅ ያለባችሁ ስለ ጥገና ነው። የኩሽኑ ዘንግ ከሮዱ ጋር አንድ ሆኖ የተቆረጠ ነው ወይስ ላዩ ላይ የሚገባ ቡሽ ነው? አንድ ከሆነ ሲበላ ሮዱን በሙሉ ልትቀይሩ ትችላላችሁ። ቡሽ ከሆነ እሱን ብቻ ነው። ትንሽ ላላ ብሎ ራሱን የሚያስተካክለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ቀዳዳውን ቶሎ አይፍቅም። ለዚህ ጥቂት መጨመር ያዋጣል።

ቼክ ቫልቭ፣ ዘይት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው፣ እንዳለውም ጠይቁ። ከሌለው ፒስተኑ ከጫፍ ሲነሳ ዘይቱ በዚያው ጠባብ መንገድ ስለሚገባ እየተጎተተ ይጀምራል። ሲቻል ሲሊንደሩን በፓምፕ አስነድታችሁ እዩት። የሚስተካከለው ከሆነ በዝግታ እያስኬዳችሁ ቪቴውን ሩብ ዙር አጥብቁት። መጨረሻው ላይ ፍጥነቱ ካልተለወጠ ሂሳቡን አትክፈሉ።