አንድ ባለ አራት ወይስ ሁለት ባለ ሁለት? የቤዝ ጊታር ስፒከር ለድንኳን ሠርግ

ሱሉልታም ሆነ ለገጣፎ፣ ሜዳ ላይ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ቤዝን የሚመልስ ግድግዳ የለም፤ ሸራው ወፍራሙን ድምፅ ያሳልፈዋል። ትንሽ የስፒከር ቦክስ አዳራሽ ውስጥ ያሳየውን ጉልበት እዚያ አትጠብቁ።

አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከር በአንድ ቦክስ፣ ወይም ሁለት ሁለት ሆነው በሁለት ቦክስ፦ ብዛቱ እኩል ነው። ባለ አራቱ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ያልፋል፤ በክረምት ጭቃ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ባጃጅም በቀላሉ አያስገባውም። ባለ ሁለቶቹን አንድ ሰው በየተራ ያወርዳቸዋል።

ድምፁስ? ሁለቱን ጎን ለጎን ሳይሆን አንዱን በአንዱ ላይ አቁሙ። የላይኛው ወደ ጆሮ ስለሚቀርብ ቤዝ ተጫዋቹ ራሱን ይሰማል፣ አምፑንም (የድምፅ ማጉያውን) ያለልክ አይከፍትም። ባለ አራቱ መሬት ላይ ሲቀመጥ ወደ ጆሮ ሳይሆን ወደ እግር ነው የሚጮኸው፤ ድራም መቺው በጩኸቱ ሲማረር ባለ ቤዙ ገና «አልተሰማኝም» ይላል።

ኦሙን (ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ያለውን የመቋቋም መጠን) ግን ከቦክሱ ጀርባ አንብቡ። ሁለት ባለ 8 ኦም ቦክሶች በፓራለል (ሁለቱም ከአንድ የአምፕ መውጫ ጎን ለጎን) ሲገናኙ 4 ኦም ይሆናሉ፤ ብዙ የትራንዚስተር አምፖች ሙሉ ዋታቸውን የሚሰጡት እዚያ ነው። ሁለቱም ባለ 4 ከሆኑ 2 ኦም ይወጣል፤ ለ4 የተሠራ አምፕ ይግላል፣ ጭፈራው ሲደምቅ ድንገት ይዘጋል። የጊታር ገመድም ለስፒከር አይሆንም፤ ውስጡ ቀጭን ስለሆነ ይሞቃል።

ገንዘብ ካጠረ አንዱን ባለ ሁለት ግዙ፤ ሁለተኛው ሲጨመር ግን ያው ሞዴል ይሁን።