ቪም ከወራት አጠቃቀም በኋላ፦ መቆም የሚያውቅ ማክሮ

ቪምን የዘወትር የኮድ መጻፊያዬ ካደረግሁት ወራት አልፈዋል። ፋይል መክፈቱም ሆነ ኮዱን በቀለም መለየቱ ከሌሎች ኤዲተሮች ስለማይለይ አልዘረዝረውም። ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ የማክሮው፣ ማለትም የተቀረጹ የቁልፍ ጭኖችን መልሶ የሚደግመው መሣሪያው፣ አንድ ጠባይ ነው።

ለአንድ የሞባይል መተግበሪያ የተተረጎሙ የአማርኛ መልእክቶችን የያዘ ረጅም ፋይል ደረሰኝ። እያንዳንዱ መስመር በግራ የመልእክቱን መለያ፣ ቀጥሎ የእኩል ምልክት፣ በቀኝ ትርጉሙን ይዟል፤ ሁሉም ጄሰን ወደሚባለው ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ መለወጥ ነበረበት። የኪው ቁልፍን፣ ቀጥሎ የማክሮው መጠሪያ የሚሆነውን ኤን ተጭኜ ቀረጻ ጀመርሁ። የመጀመሪያውን መስመር አስተካክዬ፣ ማለትም መለያውንና ትርጉሙን በጥቅስ ምልክት ከብቤ፣ የእኩሉን ምልክት በኮለን ተክቼና ኮማ ጨምሬ፣ ወደ ቀጣዩ መስመር ወረድሁና ኪውን ዳግም በመጫን ቀረጻውን ዘጋሁ። ከዚያ ማክሮውን 500 ጊዜ ለማስደገም 500 ብዬ የ@ ምልክትንና ኤን ስጫን መስመሮቹ በአንድ ጊዜ ተለወጡ፤ ነገር ግን ሥራው መጨረሻው ሳይደርስ መሃል ላይ ቆመ። የቆመበትን መስመር ሳየው የእኩል ምልክት የለበትም፤ ሲተረጎም ተዘሏል። «እስከ እኩል ምልክቱ ሂድ» የሚለው ትእዛዝ የሚሄድበት ስላጣ፣ ቪም የቀረውን ድግግሞሽ በሙሉ ሰርዞታል። ምልክቱን ጨምሬ ከዚያው መስመር አስቀጠልሁት። እኔ ፈልጌ የማላገኘውን ጉድለት ማክሮው ራሱ አሳየኝ።

የማክሮ ቁልፎች ያሏቸውን የኪቦርድ ዓይነቶች የሚሸጡ ሰዎች «አንድ ቁልፍ ትጫናለህ፣ ሥራህ ያልቃል» ይላሉ። እንዲህ ባለ ኪቦርድ ስለሠራሁ የምመልሰው አለኝ። ኪቦርዱ የሚያስታውሰው የተጫኑትን ቁልፎች ቅደም ተከተልና በመካከላቸው ያለውን ቆይታ ነው እንጂ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አያይም። የእኩል ምልክት የሌለበት መስመር ላይ ሲደርስም አይቆምም፤ ጥቅሱን ያለ ቦታው እየከተተ እስከ ታች ይወርዳል፣ ስህተቱም የሚታወቀው ፕሮግራሙ አልሠራ ሲል ነው። «ግን እኮ ፈጣን ነው» ለሚሉኝ፣ የተበላሸ ፋይል ለማቃናት የሚያልፈውን ከሰዓትም አብረው ይቁጠሩት እላለሁ። ቪም ደግሞ ነጻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ያበቃው ሟቹ ብራም ሙሌናር የጠየቀው፣ የወደደው ሰው በኡጋንዳ ለሚገኙ ችግረኛ ሕፃናት እንዲረዳ ብቻ ነው፤ ለኪቦርድ ከማወጣው ገንዘብ ለዚያ ብሰጥ እመርጣለሁ።

ከጎደለው መስመር አልፎ መቀጠል ለሚፈልግም መንገድ አለ። መስመሮቹን መርጦ ማክሮውን ኖርማል በሚባለው የቪም ትእዛዝ ቢያስኬደው፣ በየመስመሩ ለብቻው ስለሚሠራ የአንዱ መክሸፍ ሌሎቹን አያግድም። ማክሮው ራሱም ተራ ጽሑፍ ነው፤ ኮፒ የተደረገ ጽሑፍ በሚቀመጥበት ሬጅስተር ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ አንድ እርምጃ መጨመር ሲያስፈልገኝ ፋይሉ ላይ አወጣዋለሁ፣ አርመዋለሁ፣ መልሼ ወደ ሬጅስተሩ እቀዳዋለሁ።

ያማረረኝ ነገር ከአማርኛ ጋር የተያያዘ ነው። የኮምፒውተሩ ኪቦርድ ወደ አማርኛ እንደተቀየረ ከጽሑፍ ማስገቢያው ቁልፎቹ ትእዛዝ ወደሚሆኑበት ሁኔታ ስወጣ፣ የምጫነው ሁሉ የግዕዝ ፊደል ሆኖ ስለሚደርሰው ቪም ትእዛዜን አያውቀውም፤ ቀረጻ ላይ ከሆንሁ ደግሞ ማክሮው ይበላሻል። መፍትሔው ኪማፕ የሚባለው የቪም የራሱ የፊደል ሰንጠረዥ ነው፤ እሱ የሚሠራው ጽሑፍ በማስገባት ጊዜ ስለሆነ ትእዛዞቹን አይነካም። አንዱን ፊደል በሁለት ቁልፍ ለምንጽፍ ለእኛ፣ ያን ሁሉ ፊደል ከነእርባታው በሰንጠረዥ መደርደር ትዕግሥት ይፈጃል። መቆም የሚያውቀውን ማክሮ ትቼ ወደ ሌላ ኤዲተር መሄድ ስላልፈለግሁ ግን ተቀምጬ ደረደርሁት።